ስድብ ያልደረሳት ሲዳንግ

ትሪኒንግ ያልሰደበችው ሰው ካላንታስ መንደር ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ባሏን ትሰድባለች፣ ወንድሞቿን ትሰድባለች፣ ልጆቿንማ በስድብ አስተኝታ በስድብ ነው የምትቀሰቅሳቸው። አንድ እሑድ ቄሱ ስብከት አስረዝመው ምድጃ ላይ የተወችው ዓሣ ቢያርርባት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጠብቃ፣ "አባ፣ እርስዎ በልተው ነው መሰለኝ የመጡት" ብላቸዋለች። ከምላሷ ያመለጠች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም ሲዳንግ ናት። ለሲዳንግ ስድብ ቀርቶ "አንቺ" የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ትሪኒንግ በዕድሜ ብትበልጣትም ሠላሳ ዓመት ሙሉ "እርስዎ" ስትላት ኖራለች።

ለሰሚ ይህ ክብር ይመስላል። ሲዳንግ ግን ከትሪኒንግ ቤት የምትፈልገው አንድ ነገር ቢኖር፣ አንድ ቀን ከልብ መሰደብ ነበር። እንዲህ ያለውን ምኞት ለሌላ ሰው ቢያወሩት ያስቃል፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ስቄያለሁ።

እኔ ዶራይ እባላለሁ፤ ሱቅ ነው ያለኝ። መስኮቴ ከትሪኒንግ ግቢ ፊት ለፊት ትልቁ መንገድ ላይ ስለሆነ የሚገባውም የሚወጣውም አያመልጠኝም። ሰው ሲሞት ደግሞ ሱቄ ይደምቃል። እኛ ዘንድ ከለቅሶ ቤት የወጣ ሰው በቀጥታ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ሙቱ ተከትሎት እንዳይገባ አንድ ቦታ ጎራ ብሎ፣ አንድ ለስላሳ ቀማምሶ፣ አራግፎት ነው የሚሄደው። የሚያራግፉት እኔ ሱቅ ነው። ሙታኑ ሁሉ እኔ ጋ ስለሚቀሩ ይሆናል፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ሲዳንግ የመጣች ጊዜ መንገዱ አስፋልት አልለበሰም ነበር። ባሏ ክሪስፒን የሳማር ደሴት ሰው ነው፤ የደረቀ ኮኮናት በምትጭን ጀልባ ተሳፍረው፣ ሥራ አለ ሲባል ሰምተው መጡ። ጀልባዋ ስትጠጋ ዝናቡ ጣለ። ክሪስፒን ጭነት ሲያራግፍ እሷን መጠለያ ፈልጊ ብሎ ላካት፤ እሷም መጀመሪያ ያገኘችው የትሪኒንግን እናት የእማማ ኦሬንግን ቤት ነው።

በእኛ አገር የሰው ደጅ ላይ የቆመ ሰው "ታኦ ፖ" ብሎ ይጣራል። "ሰው ነኝ" እንደማለት ነው። ምክንያቱን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሲመሻሽ ደጅ ላይ የሚቆም ሁሉ ሰው አይደለም። ሲዳንግ ግን እንደ አገሯ "ባለቤቶች!" እያለች በራሷ ቋንቋ ተጣራች። እማማ ኦሬንግ ያንን ያልገባቸውን ድምፅ ሲሰሙ እፍኝ ጨው ዘግነው በሩ ሥር ቆሙ። ጨው ሰው ላልሆነው ነው። ከዚያ በስንጥቁ አፋቸውን አስጠግተው፣

"ሰው ነሽ?" አሏት።

ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድበዋል። እሷ ከየት ነሽ ያሏት መሰላት።

"የሳማር ነኝ።"

እማማ ኦሬንግ እስኪፈርሱ ሳቁ፤ ጨዉ ከእጃቸው ተበተነ፤ በሩንም ከፈቱ። ያቺ ወሬ በማግሥቱ መንደሩን አዳረሰች። እስካሁንም ድረስ እኛ ጋ አንዱ ገብቶ "ሰው የለም?" ብሎ ሲጠይቅ፣ "የሳማር አለ" የሚል አይጠፋም። የዛሬ ልጆች ቀልዱ ከማን እንደመጣ እንኳን አያውቁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ሲዳንግ ራሷ ይህን ለማወቅ ዓመት ፈጅቶባታል።

ክሪስፒን ብዙ አልቆየም። በዚያው የዝናብ ወራት ከኮኮናት ዛፍ ላይ አዳለጠውና ወድቆ ሞተ። የራሳቸው ቤት ስላልነበራቸው ለቅሶው እማማ ኦሬንግ ግቢ ውስጥ ሆነ። ሲዳንግ ያኔ ገና ልጅ ናት፤ ከዚያ በፊት ሰው ቀብራ አታውቅም። ዘመድ የላት፣ ወገን የላት። እንግዲህ ሰው ሲመጣ ማስተናገድ ነው ብላ አሰበች መሰለኝ፣ ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ እየተነሳች እያንዳንዱን ለቀስተኛ ጃንጥላ ይዛ እስከ ደጁ ሸኘች። "ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ" ትላለች እጃቸውን ይዛ።

እኛ ዘንድ ይህ ከባድ ነገር ነው። ሐዘንተኛ ለቀስተኛን አይሸኝም። ደጅ ድረስ ይቅርና ከመቀመጫው አይነሳም፤ "በደህና ግቡ" እንኳን አይልም። ሐዘንተኛ የሸኘ እንደሆነ፣ ከዚያው ቤተሰብ አንድ ሰው ሙቱን ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ ለቀስተኛ ዝም ብሎ ተነስቶ ይወጣል፣ ቤተሰቡም ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ማንም አይቀየምም።

እሷ ስትሸኝ ሰዎቹ እጃቸውን ለመንጠቅ ሲጣደፉ፣ ሴቶቹ ሲተያዩ ትዝ ይለኛል። የሚነግራት ግን አልተገኘም። እንግዳ አይታረማ። እኔ ትሪኒንግ አጠገብ ነበርኩና አንዳችን ብንነግራት ይሻላል አልኳት። ትሪኒንግ የምትቆረጥመውን ብስኩት ሳታቆም፣ "ተያት። ልማዱ የኛ ነው፣ እሷን ምን ያገባታል" አለችኝ። እኔም እውነቷን ነው ብዬ ተውኩት።

ከቀብሩ በኋላ ሲዳንግ ወደ አገሯ ትመለሳለች ብለን ጠበቅን። አልተመለሰችም፤ መቃብሩን ጥዬ የት እሄዳለሁ አለች። እማማ ኦሬንግ ግቢያቸው ጥግ ላይ የነበረችውን የቀርከሃ ጎጆ፣ "እስከፈለግሽ ኑሪባት" ብለው በቃላቸው ሰጧት። በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝ በቅጠል እየጠቀለለች መሸጥ ጀመረች። ሙያ አላት። ጥቅልሉን የምታስርበት ቋጠሮ ግን ከኛ ይለያል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉም አልተወችውም። ገበያ ላይ ሰው፣ "የእንግዳዋን ስጡኝ" ብሎ ነው የሚገዛው።

እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ጨርቅ ነው ይባላል። ሲዳንግ ላይ ይህ ተረት አልሠራም፤ ወርቅ ሆና ቀረች። እማማ ኦሬንግ ቤት ምግብ ሲቀርብ አበባ ያለበት ሳህን የሷ ነው። ቤተሰቡ ወጥ ቤት ተኮልኩሎ በእጁ ሲበላ፣ እሷ ሳሎን ማንኪያ ተሰጥቷት ጥሩው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ሳህን ልጠብ ብላ ስትነሳ ትሪኒንግ ከእጇ ትቀበላትና፣ "ኧረ አይነሱ፣ እኛ አለን" ትላታለች። ስትሄድ ደግሞ እስከ ደጅ ይሸኟታል፤ ጎጆዋ እኮ እዚያው ግቢ ውስጥ ናት።

በሌላ አገር እንግዳን በዱላ ያባርራሉ ሲባል እሰማለሁ። እኛ አናባርርም፤ በዚህ የሚያማን የለም። እኛ ወንበር ነው የምንሰጠው። ችግሩ ከዚያ ወንበር መነሳት አለመቻሉ ነው። የተባረረ ሰው ቢያንስ መባረሩን ያውቃል፤ አበባ ያለበት ሳህን የቀረበለት ሰው ግን ምን ብሎ ያማርራል?

ደግሞ አንድ አባባል አለን፣ "አንቺ እኮ ለኛ ባዳ አይደለሽም" የሚል። ትሪኒንግ ይህንን ለሲዳንግ በየበዓሉ ትላታለች፣ ያውም በአንቱታ፤ "እርስዎ እኮ ለኛ ባዳ አይደሉም።" ሰውም ሰምቶ ራሱን ይነቀንቃል፣ ጥሩ ንግግር ነው። እኔ ግን ሱቅ ቁጭ ስል ብዙ አስባለሁ። ለገዛ እህቴ "ባዳ አይደለሽም" ብያት አላውቅም። ትሪኒንግም ለልጇ ብላ አታውቅም። ያ ቃል የሚነገረው ለባዳ ብቻ ነው።

አንድ ዓመት ለመንደራችን ቅዱስ በዓል ሩዙን የሚያበስል ሰው ጠፋና ሲዳንግ ለምና ተሰጣት። ወጥ ቤት ገባች ማለት ነው፤ ያን ቀን ፊቷ በርቶ ነበር። ነገር ግን በደስታ ብዛት እሳቱን አበዛችውና ሩዙ ከሥር አረረ። ያ ሁሉ የከተማ እንግዳ ተቀምጧል። ትሪኒንግ ክዳኑን አንስታ ሽታው ሲመታት እኔ ጆሮዬን ያዝኩ። እሷ ግን ድስቱን አየችው፣ ሲዳንግን አየቻት፣ ከዚያ፣ "ምንም አይደል፣ አይጨነቁ፤ ያረረ ይጣፍጣል" አለችና የተቃጠለውን ለራሷ ጨልፋ በላች። ወዲያው ዞር ስትል ልጇ ብርጭቆ ስትጥል አየቻትና፣ "እጀ ሰባራ! ማን ወለደሽ አንቺን!" ብላ ግቢውን አናወጠችው።

ሲዳንግ በማግሥቱ ሱቄ መጣች። እኔ ጋ ወንበሩም አንቱታውም የለም። ሱቅ ጠባቂ ስለሆንኩ ሁሉንም "አንቺ" ነው የምለው፤ ስለዚህ የኔ አይቆጠርም። ጨው ገዝታ ሳትሄድ ቆመች።

"እትዬ ዶራይ፣ ሩዙን ያሳረረችው ልጇ ብትሆን ምን ታደርጋት ነበር?"

"በማማሰያ ነበራ የምትላት።"

"እኔን አልተቆጣችኝም" አለች። ያኔ ነው የሳቅኩት። እሷ ግን አልሳቀችም። "የተቆጣሽውን ሰው ነገም ታገኚዋለሽ ብለሽ ነው የምትቆጪው። እኔን እኮ ሁልጊዜ ነገ እንደምሄድ ነው የሚያስተናግዱኝ" አለችኝ።

በጨዉ ላይ ሽንኩርት መረቅኩላት።

ከዚያ በኋላ ቄሱ እንግዳ ስለመቀበል በሰበኩ ቁጥር ምዕመኑ ሁሉ ዞሮ ሲዳንግን ያያታል፤ ሲዳንግ ደግሞ እግሯን ታያለች። ከከተማ ሹም ሲመጣ አስጠርተው ያሳዩአታል፤ "ይኸው፣ ከሳማር መጥታ ከእኛ ጋር ሠላሳ ዓመት" ይላሉ። እኛ በደግነታችን የምንኮራው በሷ ነው። እሷ ባዳነቷን ብትተው መንደሩ ምን ያሳይ ነበር?

እንዲህ እንዲህ እያለ እማማ ኦሬንግ አረጁና ታመሙ። ልጆቻቸው ተራ እየገቡ ሲያስታምሙ ለሲዳንግ ተራ አልወጣላትም። "እርስዎ ያርፉ" ነው የሚሏት። እሷ ግን ሰው በሌለ ሰዓት፣ ትሪኒንግ ገበያ ስትወጣ፣ ትገባና የአሮጊቷን እግር በኮኮናት ዘይት ታሻለች። ስትገባም ደጁ ላይ ቆማ "ሰው ነኝ" ትላለች፤ ሠላሳ ዓመት በገባችበት ቤት። እማማ ኦሬንግ ከአልጋቸው ሆነው፣ "የሳማር ነሽ እንጂ" እያሉ ይስቃሉ። ከቤተሰቡ ሁሉ ከሲዳንግ ጋር የሚቀልዱት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

በዚያው ሰሞን የሲዳንግ እህት ልጅ ከሳማር ወደ ሱቄ ስልክ ደወለ። አክስቴ ብቻዋን ከምትሞት ትምጣ፣ ቤት ሠርቻለሁ፣ የራሷ ክፍል አላት አለ። ሲዳንግ ስልኩን ዘጋች። ነገሩ ግልጽ ነው። ጎጆዋን የሰጧት እማማ ኦሬንግ ናቸው፣ የሰጧትም በቃል ነው። እሳቸው ሲያልፉ ግቢው የትሪኒንግ ይሆናል። ትሪኒንግ ውጪ እንደማትላት ታውቃለች፤ ምንጊዜም አትላትም። "እስከፈለጉት ድረስ ይቆዩ" ነው የምትላት። ሲዳንግ የፈራችው ያንን ቃል መስማት ነው።

"ቆዩ የሚባል ሰው እኮ የሚሄድ ሰው ነው" አለችኝ።

"ጠይቂያት እንጂ፣ ምናለበት?"

"ጠይቄ ምን ትበለኝ? 'እርስዎ እኮ ባዳ አይደሉም' ነው የምትለኝ።"

እውነቷን ነበር፤ እንደዚያው ነበር የምትላት። እማማ ኦሬንግ በሞቱ በሁለተኛው ቀን ሲዳንግ መጥታ ገመድ ገዛችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ካርቶን ቀደም ብላ ወስዳ ነበር። ከቀብሩ ማግሥት በሚነሳው ጀልባ ልትሄድ ነው። እኔ ሲዳንግን እወዳት ነበር፤ ገመዱን ግን ቆረጥኩላት።

የእማማ ኦሬንግ ለቅሶ ትልቅ ለቅሶ ነበር። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ፣ ሴቶቹ የዝንጅብል ሻይና ብስኩት ያዞራሉ። ሳጥኑ ሳሎን ነው፤ ፊታቸው በመስታወቱ ይታያል፣ ያንኑ የጨው ቀን ሳቅ ሊስቁ ያሰቡ ይመስላሉ። ትሪኒንግና ወንድሞቿ ጥቁር የሐዘን ምልክት ደረታቸው ላይ ሰክተው ከሳጥኑ ጎን ተደርድረዋል። ሲዳንግ ምልክት አልተሰጣትም፤ ከአስተናጋጆቹ ጋር ቆማ ሻይ ታዞራለች። ለነገሩ አስተናጋጅ መሆኗ ራሱ እድገት ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ጥሩው ወንበር ላይ ነበር የሚያስቀምጧት። ወንበሩ ሁሉ ስለተያዘ ነው።

በቀብሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የእማማ ኦሬንግ ባል ዘመዶች ከከተማ በመኪና መጡ። የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዲት ምርኩዝ የያዙ አሮጊት አሉ። ጸሎት አድርሰው፣ ሻይ ቀምሰው፣ ተነሱ። ቤተሰቡ እንደ ደንቡ ከመቀመጫው አልተነሳም። በዚያች ቅጽበት ዝናቡ ወረደ። ግቢው ጭቃ ነው፤ አሮጊቷ ደፉ ላይ ቆመው ወደ መኪናው ያያሉ። ካርታ የሚጫወቱት አላዩም፣ ሌላ የሚሸኝ ጎረቤት በአካባቢው አልነበረም፤ እኔም እግሬ አብጦ በሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ።

ሲዳንግ የሻይ ትሪዋን አስቀመጠች። ከበሩ ጀርባ ጃንጥላውን አነሳችና የአሮጊቷን ክንድ ያዘች። ምንም ክፋት አልነበረውም። ያን ሰሞን እኛ ጎረቤቶቿ ሁሉ ስንሸኝ ነው የሰነበትነው፤ ጎረቤት መሸኘት ይችላል፣ እንዲያውም ሥራው ነው። ሲዳንግም ራሷን ከጎረቤት ነበር የቆጠረችው። አንድ እግሯ ከደፉ ሊያልፍ ሲል፣

"ሲዳንግ!"

ትሪኒንግ ናት። ካርታ የሚጫወቱት ሁሉ ዞሩ።

"የት ነው የምትሄጂው አንቺ? ደደብ! ማን አስተማረሽ? ሐዘንተኛ ደጅ ሲሸኝ የት አየሽ? ቀጥሎ ማን እንዲሄድልሽ ነው፣ እኔ ወይስ አንቺ?"

ሲዳንግ ጃንጥላውን እንደያዘች ቀረች። የሰማችውን በትክክል መስማቷን የተጠራጠረች ይመስል፣ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ራሴን ነቀነቅኩላት፤ እኔም ሰምቻለሁ።

"ምን ትገተሪያለሽ? ጃንጥላውን ለዶራይ ስጪና ነይ ተቀመጪ!"

ባበጠ እግሬ ተነስቼ አሮጊቷን የሸኘሁት እኔ ነኝ። ስመለስ ሲዳንግ ከሳጥኑ ጎን፣ በትሪኒንግና በታናሽ ወንድሟ መካከል ተቀምጣለች። ቦታ ስላልነበረ ተጠጋግተውላት ነው። ትሪኒንግ ከደረቷ ላይ የራሷን ጥቁር ምልክት ነቅላ ሲዳንግ ልብስ ላይ እየሰካች ታጉረመርማለች፤ መርፌው አልገባ ብሏት ወጋቻት መሰለኝ፣ "አትነቃነቂ" ስትላት ሰማሁ።

ያን ጊዜ ነው ሲዳንግ ያለቀሰችው። እማማ ኦሬንግ ከሞቱ ጀምሮ እንባ አላየንባትም ነበር፤ በሰው ቤት ለቅሶ ቀድሞ ማልቀስ ነውር መስሏት ይሆናል። አሁን ግን ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ አለች። ትሪኒንግ ከወደኋላ ልብሷን ይዛ ጎተተቻት።

"መስታወቱ ላይ እንዳታንጠባጥቢ! ለእናቴ መንገዱን ልታከብጂባት ነው? ሠላሳ ዓመት እዚህ ተቀምጠሽ ይህችን እንኳን አታውቂም?"

ሙት ላይ እንባ አይወድቅም፤ መንገዱ ይከብደዋል። ሲዳንግ ወደኋላ ተሳበችና በእጅጌዋ እየጠረገች አለቀሰች። አጠገቤ የነበረች ሴት፣ ምስኪን፣ በሰው ፊት እንዲህ ትሰደብ? ብላ አዘነችላት። እኔ ግን አላዘንኩላትም።

ያን ዕለት ማታ ለቀስተኛው ሁሉ እንደ ልማዱ ሱቄ ጎራ እያለ ሙቱን አራገፈ። ሲዳንግ አልመጣችም። ከዚህ በፊት በማንኛውም ለቅሶ ከማንም ቀድማ ነበር የምትመጣው፤ ቤተሰብ ግን አያራግፍም፣ ሙቱ የራሱ ነው። በቀብሩ ማግሥት ጀልባዋ ተነሳች፤ የተሳፈሩት ሁለት ነጋዴዎችና ፍየሎች ነበሩ። ገመዴን ያየሁት በሳምንቱ ነው፤ የትሪኒንግ አሳማ ታስሮበታል። ማን አንቺን ገመድ ግዢ አለሽ፣ ሳልነግርሽ የት ልትሄጂ ነበር ብላ እንደወሰደችባት ከአጥር ወዲህ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ለመስማትም ብዙ መጠጋት አላስፈለገኝም።

የዘጠነኛው ቀን ጸሎት ካበቃ በኋላ የተዋስኩትን ትሪ ልመልስ በጓሮ በኩል ገባሁ። ሁለቱ ሴቶች ወጥ ቤቱ በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው የተዝካሩን ድስት ያጥባሉ። አበባ ያለበት ሳህን፣ አንዱ ልጅ ለድመቷ ሩዝ አድርጎበት፣ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሲዳንግ ዓይኗን ከድስቱ ሳታነሳ፣

"እትዬ ትሪኒንግ፣ ያኔ በክሪስፒን ለቅሶ ሰዉን አንድ በአንድ ስሸኝ አይተውኝ ነበር?" አለቻት።

"አይቼሻለሁ።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልተቆጡኝም?"

ትሪኒንግ አመድ በእጇ ዘግና ድስቱ ውስጥ በተነች። መልስ የምታስብም አትመስልም ነበር።

"ያኔማ ተከትሎት የሚሄደው ያንቺ ሰው ነበራ" አለች። "እኛን ምን አገባን?"

እኔ ትሪውን እንደያዝኩ ቆምኩ። በዚያ ቤት ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ጭካኔ ግን ሰምቼ አላውቅም። ለእኔ ቢባል ድስቱን እዚያው ትቼ እነሳ ነበር። ሲዳንግ ግን ፈገግ አለች፤ ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ የአመዱን ድስት ወደ ራሷ ጎተተችና ታሸው ጀመር። ትሪኒንግም ሥሩ አልለቀቀም፣ በደንብ እሺው አለቻት።